«ናቪጌሽኑ ነው ያሳሳተኝ»



ለኒካሕ የተጠራ ሰው ዘግይቶ ሲደርስ፣ ወይም ለጀናዛ የወጣ ሰው ቀብሩ ካለቀ በኋላ ሲመጣ፣ በዘመናችን አንድ አዲስ ምክንያት እንሰማለን፤ «ናቪጌሽኑ ነው ያሳሳተኝ»። ሰሚውም «አይ ይሄ ማሽን!» ይልና ነገሩ በዚሁ ያበቃል። እኛ ግን ጥቂት እንቆይበት። መሪውን ተከትሎ የተሳሳተ ሰው ጥፋቱ የማን ነው? መሪው ነፍስ የሌለው መሣሪያ ሲሆንስ?

በመጀመሪያ ይህ በመኪናው ውስጥ አብሮ የተሠራ መንገድ ጠቋሚ ምን እንደሚያውቅ እንይ። ዕውቀቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ መኪናዋ የት እንዳለች ማወቅ ነው። ይህን የሚያገኘው ከመሬት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች ነው። ጂ.ፒ.ኤስ. በሚባለው የአሜሪካ ሥርዓት እያንዳንዱ ሳተላይት ሰዓቱን እየተናገረ ይዞራል፤ መሣሪያው ቢያንስ የአራቱን ምልክት ተቀብሎ፣ ምልክቱ ለመድረስ የፈጀውን ጊዜ አስልቶ ቦታውን ይለያል። ለዚህ ሥራ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ምልክቱ በማይደርስበት ዋሻ ውስጥ እንኳ የጎማውን መሽከርከርና የመኪናዋን መታጠፍ እየቆጠረ ለጥቂት ጊዜ ይመራል። ከዕለታት አንድ ቀን ኔትወርክ ጠፍቶ በማያውቀው ሰፈር የቆመ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቀዋል።

ሁለተኛው ዕውቀት ካርታው ነው። ካርታ ግን ከሳተላይት አይወርድም። ሰው መንገዱን ለክቶና መዝግቦ ያስቀመጠው ወሬ ነው። በመድረሳ ቋንቋ እንናገር ከተባለ ካርታ ሪዋያ ነው፤ ራዊ አለው፣ የተነገረበት ጊዜም አለው።

የሁለቱ ልዩነት በአገራችን በዓይን ይታያል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ከቻይና የሚመጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። ከእነዚህም ለቻይና ገበያ የተሠሩ፣ ጽሑፋቸውም ካርታቸውም የዚያው አገር የሆነ አሉ። እንዲህ ያለችውን መኪና መገናኛ ላይ አቁማችሁ መንገድ ጠቋሚውን ብትከፍቱት፣ መኪናዋ መንገድም ቤትም በሌለበት ባዶ ሜዳ ላይ ቆማ ትታያለች። የት እንዳለች ታውቃለች፤ በየት በኩል እንደሚኬድ ግን የነገራት የለም። ካርታው የአዲስ አበባ ሆኖ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፈረሰውን የፒያሳን መንደር ያላፈረሰ ካርታ፣ ዛሬ የሌለውን መተላለፊያ «ግባ» ብሎ ያዛል። የሚያዘውም በዚያው በተረጋጋ ድምፁ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ድምፅ ነው። ኢማሙ ማሊክ ከሩቅ አገር መጥቶ ለጠየቃቸው ሰው ከጥያቄዎቹ ብዙውን አላውቅም ብለው እንደመለሱ ይታወቃል። ይህ መሣሪያ ግን የሚያውቀውንም የማያውቀውንም በአንድ ድምፅ ይናገራል።

ታዲያ አንከተለውን? እንዲህ አልልም። በ622 እ.ኤ.አ. ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአቡበክር (ረ.ዐ.) ጋር ከመካ ሲሰደዱ መንገድ መሪ ቀጥረዋል። ስሙ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡረይቂጥ ነው፤ በዚያን ጊዜ በቁረይሾች ሃይማኖት ላይ የነበረ ሰው ነው። ሁለት ግመሎቻቸውን አስረከቡት፤ ከሦስት ሌሊት በኋላ በሠውር ዋሻ እንዲመጣላቸው ቀጠሩት። ቁረይሾች እየፈለጓቸው ሳለ ምስጢራቸው በዚህ ሰው እጅ ነበር። እርሱም በቀጠሮው መጣ፤ በባሕሩ ዳርቻ በኩልም ይዟቸው ሄደ። ሙስሊም ያልሠራውን መሣሪያ ማመን አይገባም የሚል ቢኖር ይህን ታሪክ ያስታውስ። ነገር ግን የቀጠሩት መንገዱን እንደሚያውቅና አደራ እንደማይበላ አረጋግጠው ነው። ወዴት እንደሚሄዱም የወሰነላቸው እርሱ አልነበረም።

ፉቀሃዎች ስለ ቂብላ የተናገሩትም ለዚህ ጉዳይ ይጠቅመናል። በሻፊዒይ መዝሀብ ቂብላውን ራሱ ማወቅ የሚችል ሰው የሌላውን ቃል ብቻ ይዞ እንዲሰግድ አይፈቀድለትም። የማይችል ከሆነ ደግሞ ታማኝ የሆነና አውቆ የሚናገር ሰው ሲነግረው ይቀበላል። ታማኝነት ብቻውን አልበቃም፤ ተናጋሪው በግምት ሳይሆን አውቆ መናገሩ ተፈልጓል። ይህን ሚዛን ወደ መኪናችን እናምጣው። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ በዓይናችን እያየን መሣሪያው «ቀጥል» ስላለ የምንቀጥል ከሆነ ማወቅ እየቻልን ተከትለናል። አገሩን የማናውቅ ከሆነ መከተላችን ተገቢ ነው፤ ግን የካርታውን ዘመን ማየት አለብን። በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ካርታው የተዘጋጀበት ዓመት በቅንብሩ ገጽ ተጽፎ ይገኛል። ይህን ተመልክቶ፣ የተጠራጠረውንም የሰፈሩን ሰው ጠይቆ የተሳሳተ ሰው ዑዝር አለው። መስኮት ዝቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ መስጂዱ በየት በኩል ነው?» ማለትን እንደ ውርደት ቆጥሮ ሁለት ሰዓት የተንከራተተ ሰው ግን ጀናዛው ሲያመልጠው ማሽኑን ቢራገም ዋጋ የለውም።

ቁርኣን በሱረቱል አሕዛብ ውስጥ ታላላቆቻችንን ታዘን ከመንገዱ አሳሳቱን ብለው የሚያሳብቡ ሰዎችን ሁኔታ ይነግረናል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ኩፍር መሪዎች እንጂ ስለ መኪና መንገድ አይደለም፤ ከቦታው ላነሳው አልፈልግም። ግን በመሪ ማሳበብ የሰው ልጅ የቆየ ልማድ መሆኑን ያሳያል።

ማሳበቡ ከሁሉ የሚከፋው ደም ሲፈስ ነው። እየነዳ አድራሻ የሚጽፍ ሰው ዓይኑን ከመንገዱ ያነሳል። በዚያች ቅጽበት ሕፃን ቢገባበትስ? በስህተት ነፍስ ሲጠፋ በሸሪዓ ዲያና ከፋራ እንደሚመጣ እናውቃለን። ተጠያቂነቱም የሰው ነው፤ መሣሪያው ዲያ አይከፍልም፣ ሁለት ወር አከታትሎም አይጾምም። ስለዚህ መድረሻው የሚሞላው መኪናዋ ሳትነሳ ነው። ከተነሳች በኋላ የሚያስፈልግ ከሆነ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ይሙላው፤ ብቻውን የሚነዳ ዳር ይዞ ይቁም። ድምፁን ከፍቶ ስክሪኑን አለማየትም ይቻላል።

በአግባቡ ለያዘው ሰው የዕለት ጥቅሙ ብዙ ነው። የመድረሻ ሰዓቱን አስቀድሞ ስለሚናገር ለቀጠሮ ታማኝ ለመሆን ይረዳል፤ እንደማይደርስ ያወቀ ሰው ጠባቂውን ቀድሞ ይደውልለታል። መግሪብ በመንገድ ላይ እንደሚገባ ያየ ሰው በየትኛው ከተማ ቆሞ እንደሚሰግድ ይወስናል። ሶላት የሚያጥርበትን ርቀት በርካታ ዑለማዎች ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቆጥሩታልና የጉዞውን ርዝመት ከመነሳቱ በፊት ማወቁም ቀላል ነገር አይደለም።

በየቤታችን ብዙም የማይነገርለት ሌላ ጉዳይ አለ። መሣሪያው የተሄደበትን ይመዘግባል። «የቅርብ መድረሻዎች» የሚለውን የነካ ሰው መኪናዋ ሰሞኑን የት የት እንደዋለች ይዘረዘርለታል። ባል የሚስቱን፣ ሚስት የባሏን፣ አባት የልጁን ውሎ በዚህ ሲፈትሽ «እኔ አልሰለልኩም፤ መኪናዋ ናት ያሳየችኝ» ይላል። ይህም ያው የቀድሞው ምክንያት ነው፤ ፊቱን አዙሮ መጣ እንጂ። በሱረቱል ሑጁራት የተከለከለው ተጀሱስ በእግር እየተከተሉ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። አድራሻ ሲፈልግ ድንገት ያየ ሰው ኃጢአት የለበትም፤ ገጹን ከፍቶ ወደ ታች እየገፋ የሚያነበው ግን ፈልጎ ነው። ያየውስ ምኑን ይነግረዋል? በአንድ ሰፈር ሁለት ጊዜ መቆሟን እንጂ፣ ሚስቱ እዚያ የታመመች ጓደኛዋን ትጠይቅ፣ ለእርሱ ዒድ ልብስ ታሰፋ፣ መሣሪያው አያውቅም። ጎዶሎውን የሚሞላው የራሱ ጥርጣሬ ነው። በዚህ የተነሳ ጠብ ለሽማግሌ ሲቀርብ፣ ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት ፈታሹን እንጂ መኪናዋን አይደለም። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ የት እንደዋለ ማወቅ የወላጅ ኃላፊነት ነው፤ ቢሆንም ፊት ለፊት ጠይቆት መልሱን መስማት ይቀድማል።

መኪናውን የሚሸጥ ሰውም ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት «ቤት» ብሎ ያስቀመጠውን አድራሻና የቀድሞ መድረሻዎቹን በሙሉ ይሰርዝ። በመዝገቡ ውስጥ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የእህቱ፣ የጎረቤቱ፣ ለችግሯ ዘካ በምስጢር ያደርስላት የነበረች ሴት ደጅ ጭምር አለና።