ማንን ነው የምታጅበው?

አንድን ሰው በትክክል ለማወቅ ለብቻው ነጥሎ ማየት ይሻላል ወይስ ከሰው መሀል? ጥያቄው የቆየ ነው። እኔን የገጠመኝ ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከክራር ነው፤ ስለዚህ ከክራሩ ልጀምር።

ዶርም ውስጥ ሙዚቃ የምንሞካክር ልጆች አንድ ዘዴ አለን። የታወቀ ዘፈን እንወስድና የአንዱን መሣሪያ ድምፅ ብቻ አስቀርተን፣ ሌላውን ሁሉ ዝም አሰኝተን፣ ያንኑ እየደጋገምን እንማራለን። አሜሪካኖቹ እያንዳንዱን መሣሪያ በየራሱ ትራክ መቅረጽ የጀመሩት ቀደም ብለው ስለሆነ፣ የሞታውን ባስ ተጫዋች የጄምስ ጀመርሰን ድምፅ ለብቻው ይገኛል። እኛ ዘንድ በዚያን ዘመን በአብዛኛው ሁሉም ባንድ ላይ እየተጫወተ ነበር የሚቀረጸው። ዛሬ ግን ኮምፒዩተር ይለያያል። ዲዘር የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 በነፃ የለቀቀው ስፕሊተር አንድን ቅጂ እስከ አምስት ይከፍለዋል፦ የዘፋኝ ድምፅ፣ ድራም፣ ባስ፣ ፒያኖ እና «ሌላ»። ልብ በሉ፤ ማሲንቆና ክራር ዕጣቸው «ሌላ» ውስጥ መውደቅ ነው። ደግሞም ፕሮግራሙ ከለመደው ተነስቶ ይገምታል እንጂ ተለይቶ የተቀመጠ ነገር አያወጣም።

እኔ የመረጥኩት ማህሙድ አህመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ»ን ነበር። ባሱን የሚጫወተው ጆቫኒ ሪኮ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ዘፈኑን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ባስ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። ለብቻው ስሰማው ደነገጥኩ። ያ ሁሉ ጭፈራ የቆመው በዚህ ሰው ትከሻ ላይ ኖሯል!

የተወለድኩት ማጀቴ ነው። ስሙን የሰማ ሁሉ «የማን ማጀት?» እያለ ይቀልድብኛል። ቀልዱ ግን ለዚህ ነገር ይሆነኛል። እንግዳ እልፍኝ ተቀምጦ ይበላል፤ ያበሰለችው ማጀት ውስጥ በጭስ ታነባለች፤ ስሟን የሚጠይቅ የለም። ጀመርሰንም እንዲሁ ነበር። የስድሳዎቹን የሞታውን ዘፈኖች በጣቱ ተሸክሞ ሳለ ስሙ ሸክላው ላይ አይጻፍም ነበር፤ በ1971 የማርቪን ጌይ አልበም ላይ ነው የታየው። እንግዲህ አንዱን ድምፅ ለይቶ መስማት ማጀት ገብቶ ባለሙያዋን ማመስገን ነው። ይህ ፍትሕ ነው፤ አልክድም።

ታዲያ ምን ሆነ? ሁለት ወር ሙሉ ያንን ባስ ወደ ክራር አውርጄ አጠናሁ። ለዕረፍት አገሬ ስገባ የዘመድ ሠርግ ነበር። አንድ ማሲንቆ የያዙ አዝማሪ ያንኑ ዘፈን በራሳቸው መንገድ ጀመሩ። እኔም ገባሁ። አንዲትም ኖታ አልሳትኩም። መሀል ላይ የሙሽራዋ እናት ማልቀስ ጀመሩ፤ አዝማሪው ይህን አይተው ስንኙን ያዝ አደረጉት፤ ማሲንቆውም እንደ መቃተት አለ። እኔ ምኑን ሰምቼ! አልፌያቸው ነጎድኩ። ሕዝቡ ዞሮ አየኝ። ዘፈኑ እንዳለቀ ጠጋ ብለው፣ ሳይቆጡ፣ «ልጄ፣ ማንን ነው የምታጅበው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

አንድ የኬሚስትሪ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው፣ «ጥፋቱ ያንተ ነው እንጂ የመነጠሉ አይደለም፤ ሳይለያዩ ማወቅ የሚባል ነገር የለም» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። ግን ዝምታውስ? ለብቻው በወጣው ባስ ውስጥ ድምፁ ጥቂት ቆም የሚልበት ቦታ አለ። እኔ ያንን «ሁለት ቆጥረህ ግባ» ብዬ ነበር የተማርኩት። መልሼ ከሙሉው ዘፈን ጋር ስሰማው ለካ ባሱ ዝም ሲል ሌላው እየተናገረ ነው። እኔ እንደ ቁጥር የያዝኩት፣ ለሌላው ቦታ መልቀቅ ነበር። ሰውየውን ስነጥል ጣቱን አገኘሁ፤ ጆሮውን ግን ጣልኩት።

በሰውም እንዲሁ ይመስለኛል። ጓደኛችንን በአንድ ንግግሩ ነጥለን እንፈርድበታለን። ንግግሩ የሱ ነው፤ አልዋሸንም። ግን ለማን ሲመልስ፣ ምን ሰምቶ እንደተናገረው ቆርጠን ጥለነዋል። አንድ እንጨት አይነድም ይባላል፤ የነደደውን እንጨት ከምድጃው አውጥቶ «ይሄ ምን ያጨሳል?» ማለትስ ምን ይሉታል?

ስለዚህ መነጠሉን አልተውኩም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ለወጥኩ። መጀመሪያ ባሱን ለብቻው እሰማለሁ፤ ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ እመልሳለሁ፤ በመጨረሻ ባሱን ራሱን አጥፍቼ በባዶው ቦታ በክራሬ እገባለሁ። ያን ጊዜ ካላዳመጥኩ ወዲያው ይታወቅብኛል። ለሚመጣው ዕረፍት ማጀቴ ስወርድ አዝማሪውን ፈልጌ ክራሬን ይዤ አጠገባቸው መቀመጤ አይቀርም። እናንተስ፣ እስቲ ንገሩኝ፤ ማንን ነው የምታጅቡት?