የበሽታን ስም መሸሸግ ፍቅር ነውን?

በብዙ ቤት አንድ ሰው ታሞ ተኝቶ ሳለ የበሽታውን ስም ከእርሱ በቀር ቤተ ሰዉ ሁሉ ያውቀዋል። ልጆቹ ያውቃሉ፥ ጎረቤትም ሰምቷል፤ ለበሽተኛው ግን «ጨጓራ ነው፥ ይሻልሃል» ይሉታል። ይህንም የሚያደርጉት ክፉዎች ሆነው ሳይሆን ስለሚወዱት ነው። እንግዲህ የምንጠይቀው ይህ ነው፤ እውነትን ከታመመ ወንድም መሸሸግ በእርግጥ ፍቅር ነውን?

ጥያቄው በጅቡቲ ከተማ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይልቁን የከበደ ነው። በዚያ አገር የመንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ነው፤ ሕዝቡም ሱማልኛና አፋርኛ ይናገራል። ለሥራ ወደዚያ የወረደ አማርኛ ተናጋሪ በሐኪም ፊት ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚያስተረጉምለት ዘመድ ወይም ጓደኛ ያስፈልገዋል። ሐኪሙ «ካንሰር ነው» ቢል፥ አስተርጓሚውም ደንግጦ «ቁስል ነው ይላሉ» ብሎ ቢተረጉም፥ ምን ይሆናል? በሽተኛው ማስታገሻ ገዝቶ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ የሕክምናውም ጊዜ ያልፍበታል። አስተርጓሚው አንድ ቃል ያለዘበ መሰለው እንጂ፥ የሌላውን ሰው ምርጫ ከእጁ ወስዶበታል።

ስሙን አስፈሪ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የቃላት መደባለቅ ነው። በቋንቋችን «ነቀርሳ» የሚባሉ ሁለት በሽታዎች አሉ። የሳንባ ነቀርሳ ሮበርት ኮክ በ1882 እ.ኤ.አ. ባስታወቀው ባክቴሪያ የሚመጣ፥ በትንፋሽም የሚተላለፍ ነው። ካንሰር ግን የገዛ አካላችን ሴሎች ሥርዓታቸውን ለቀው ሲበዙ የሚመጣ ነው እንጂ፥ አብሮ በመብላት ወይም በሽተኛውን በማስታመም አይጋባም። ስለዚህ የካንሰር በሽተኛን ጽዋና ሳህን መለየት ማንንም አያድንም፤ በሽተኛውን ግን ከመሞቱ በፊት ከሰው መካከል ያወጣዋል።

ስሙ በግልጥ ሲነገር የሚገኘው ጥቅም ብዙ ነው። የማኅፀን በር ካንሰርን ሁሉንም ለማለት ይቻላል የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ነው፤ ለእርሱም ክትባት ተገኝቶለታል። በኢትዮጵያም በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። የጤና ባለሙያ የማኅፀኑን በር በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ በመመልከት፥ ገና ካንሰር ያልሆነውን ለውጥ አግኝቶ ሊያክም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዕቅድ እስከ 2030 ከመቶ 90 ልጃገረዶች እንዲከተቡ፥ ከመቶ 70 ሴቶች እንዲመረመሩ፥ በሽታው ከተገኘባቸውም ከመቶ 90 እንዲታከሙ ጠይቋል። የጡት ካንሰር ደግሞ ብዙ ጊዜ በማያም እብጠት ይጀምራል። «አያመኝምና ምንም አይደለም» የምትል እናት የምትሳሳተው በዚህ ነው። ያለ ወር አበባ ጊዜ የሚፈስ ደም፥ እየባሰ የሚሄድ የመዋጥ ችግር፥ የማይድን ቁስል፥ ምክንያቱ ያልታወቀ ክሳት፥ እነዚህ ሁሉ ካንሰር ናቸው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ሳይዘገዩ መመርመር ይገባል።

ይሁን እንጂ «እውነቱን ቢሰማ ተስፋ ቆርጦ ይሞታል» የሚሉትን በችኮላ አንነቅፍም። ድንገተኛ ቃል ልብ እንደሚሰብር እናውቃለን። አባቶቻችንም ይህን ስላወቁ መርዶን በመንገድ ላይ ለብቻው ለተገኘ ሰው አይነግሩም ነበር፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ይሄዳል እንጂ። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ወጋችን ጊዜንና ሰውን ያዘጋጃል እንጂ መርዶውን ለዘላለም አይደብቅም። በሽተኛውም አስቀድሞ ይጠየቅ፤ «ሁሉን ልታውቅ ትወዳለህን? ከአንተ ጋርስ ማን እንዲሰማ ትሻለህ?» ይባል። «አትንገሩኝ» ቢል ምርጫው የእርሱ ነው። የእኛ ስሕተት እርሱን ሳንጠይቅ ስለ እርሱ መምረጣችን ነው።

ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ኢሳይያስ ሞቱን አልሸሸገበትም፤ ቤቱን እንዲያዘጋጅ ነገረው። ንጉሡም እውነትን ስለ ሰማ በእንባ ጸለየ፤ ዐሥራ አምስት ዓመትም ተጨመረለት። ያን ጊዜ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ አደረጉለት። እንግዲህ ጸሎት ከመድኃኒት፥ ተስፋም ከእውነት ጋር አይጣሉም። ሕመሙን ያላወቀ ሰው ግን ስለ ምን ይጸልያል? ዕዳውንና ኑዛዜውንስ እንዴት ያዘጋጃል?

በአዲስ አበባ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ስም በ1996 ዓ.ም. ተመሠረተ። ወላጆቹ ኀዘናቸውን በቤታቸው ዘግተው ሊያስቀሩት ይችሉ ነበር፤ እነርሱ ግን የበሽታውን ስም ለሌሎች ማስተማሪያ አደረጉት።

ስለዚህ፥ ሐኪሞችና ነርሶች ሆይ፥ እብጠት ይዛ የመጣችውን ሴት ሳትመረምሩ በማስታገሻ ብቻ አትመልሱ፤ ስትነግሯትም በመተላለፊያ ላይ ቆማችሁ ሳይሆን ተቀምጣችሁ ንገሩ። አስተርጓሚዎች ሆይ፥ የሰማችሁትን ሳትቀንሱ በለሰለሰ ድምፅ አድርሱ። እኛም ምእመናን ወደ በሽተኛው ቤት ስንሄድ፥ ከእርሱ ጋር ከአንድ ማዕድ እንብላ፤ ስለ ሕመሙ ሊናገር ሲጀምርም ወሬ አንለውጥ። ፍቅር እውነትን ተናግሮ የሚሸሽ አይደለምና፤ ከተናገረ በኋላ አጠገቡ ተቀምጦ የሚያድር ነው።