የራስን ትዝታ ለምርምር ስለ ማቅረብ

የአእምሮን ደዌ አጥብቆ የሚያውቀው ከውጭ ሆኖ የሚመረምረው ሐኪም ነውን ወይስ ከበሽተኛው ጋራ የኖረው ሰው? የአእምሮ ሕሙማንን ከሚያስታምሙት ነርሶች አንዳንዶቹ የገዛ ኑሯቸውን ጽፈው እንደ ምርምር ማቅረብ ከጀመሩ ወዲህ ይህ ጥያቄ በርትቷል።

መንገዱን አስቀድሞ የጠረገው ግን በሽተኛ ነው። ክሊፎርድ ቢርስ የሚባል አሜሪካዊ አእምሮው ታውኮ በሆስፒታል ሳለ የደረሰበትን ግፍ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1908 ዓመት በመጽሐፍ አወጣ፤ በማግሥቱም ዓመት ለአእምሮ ጤና የሚቆም አገር አቀፍ ማኅበር በእርሱ ጥረት ተመሠረተ። ሐኪሞቹ ያላዩትን እርሱ ታስሮ አይቶታልና።

በኢትዮጵያ ለዚህ ሕመም የተለየው የአማኑኤል ሆስፒታል ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ለብዙ ዘመን የደጋው በሽተኛ አስታማሚዎች እናቱና እኅቱ፥ ተስፋውም ጠበል ነበረ። እንግዲህ አንዲት ነርስ ለምሳሌ ትታሰብ። በልጅነቷ ወንድሟ ታሞ በጓዳ ታስሮ ሳለ፥ ምግቡ ተመርዟል ብሎ እንቢ ሲል፥ እርሷ ከእንጀራው ቆርሳ ቀድማ ስትቀምስለት ይበላ ነበር። ይህ እውቀት ነውን?

የጎጃም ቅኔ ቤት መልስ አለው። በዲማም ሆነ በዋሸራ ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ነገር ግን ለመምህሩ ነግሮ፥ የተሳሳተው ግስ ተነቅፎ፥ ቤት ያልመታው ታርሞ ካልጸና የቆጠረው ሁሉ ቅኔ አይባልም። የነርሲቱም ትዝታ እንዲሁ ነው። ወንድሟ የበላው ስለ ቀመሰችለት ነው ወይስ ራብ ስለ ጸናበት? እናቲቱስ እንዴት ታስታውሰዋለች? ሌላው በሽተኛስ ቢቀመስለት ይበላልን? ይህን ሁሉ ሳትጠይቅ ብትጽፍ ልቅሶዋን ጻፈች እንጂ አልመረመረችም። (ልቅሶም ክብር አለው፤ ስሙ ግን ሌላ ነው።)

ከዚህ የሚከብድ ነገር አለ። የነፍስ አባት የሰማውን ኃጢአት አይገልጥም፤ ሐኪምም የበሽተኛውን ምሥጢር ይጠብቃል። ይህች ነርስ ግን የወንድሟን ስም ብትሰውር እንኳ የገዛ ስሟ ይገልጠዋል። ምሥጢሩንም እርሱ ወዶ አልነገራትም፤ ታስሮ ሳለ አየችበት እንጂ። ስለዚህ ልቡ በተረጋጋበት ቀን የጻፈችውን አንብባለት ፈቃዱን ትጠይቀው፤ እርማቱንም ትቀበል፤ የታሰረው እርሱ ነውና ከመምህራኖቿ ይልቅ ያውቃል።

ባይፈቅድ ግን ወረቀቱን ትተወው። በሆስፒታል ለሌላው በሽተኛ ከእንጀራው ቆርሳ ስትቀምስለት ይህን ከማን ተማርሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም።