ስለ ስም አወጣጥ

ለፍጥረት ስም ማውጣት ጌትነት ነውን፤ ወይስ አደራ ነው? ጥያቄው ለቃል ክርክር ብቻ የሚነሣ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰውን ክብር የሚነካ ነው። አዳም በገነት ለእንስሳት ስም ባወጣ ጊዜ አስቀድመው ወደ እርሱ መጡ፤ ስም የሰጣቸውም ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ማየት ከመሰየም ይቀድማል።

በ1761 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የዴንማርክ ንጉሥ ስድስት ሰዎችን ወደ ዐረብ አገር ላከ። ከነርሱ አንዱ ፔተር ፎርስኮል የቀይ ባሕርን ዓሣና ሸርጣን እየመረመረ ሲጽፍ ቈይቶ በ1763 በየመን በንዳድ ሞተ። ከስድስቱ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነበር፤ እርሱም የባልንጀራውን ጽሑፍ በ1775 አሳተመ።

ይህ ሥራ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሸርጣንና ሽሪምፕ ኹለቱም ዐሥር ዐሥር እግር አላቸው፤ ነገር ግን የሽሪምፕ ጅራት ወደ ኋላ ተዘርግቶ ሲታይ፥ የሸርጣን ጅራት አጥሮ ከደረቱ በታች የታጠፈ ነው። ይህን ሳይለይ የሚሰይም ሰው ይስታል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ርዩፔል በ1830 የቀይ ባሕርን 24 ዐይነት ሸርጣኖች ከነሥዕላቸው አሳተመ፤ ከዚያም በምፅዋ በኩል ወደ ስሜን ወጥቶ በ1832 ጎንደር ገባ። በ1835 ጭላዳንና ዋልያን ለሊቃውንት ሲያስታውቅ፥ ባላገሩ የሚጠራበትን ስም በላቲኑ ስም ውስጥ አኖረው።

ርዩፔልም ቢኾን የሰው አገር ፍጥረት የሰየመ እንግዳ አይደለምን የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሰበሰበው በፍራንክፈርት ቤተ መዘክር ስለ ተቀመጠ፥ ሌላው አይቶ ስሕተቱን ሊያርመው ይችላል።

ከጎንደር በስተሰሜን ያለችው ወለቃ ግን ሌላ ዐይነት ስም አወጣጥ አይታለች። በዚያ ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጮች፥ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች የኾኑ ሰዎች ይኖሩ ነበር። እነርሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ሲሉ ጎረቤት ፈላሻ አላቸው፤ ማረሻውን ከእጃቸው ተቀብሎ በስተኋላቸው ቡዳ አላቸው። ከ1984 እስከ 1991 ባሉት ዓመቶች ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ሸክላው ሲሰበር ስሙ ግን ሳይሰበር ቈየ።

የሸርጣን እግር ተቈጥሮ፥ ጅራቱ ተገልብጦ ሳይታይ ስም አይወጣለትም። ሰው ግን ፊቱ ሳይታይ፥ ራሱን ማን ብሎ እንደሚጠራ ሳይጠየቅ ይሰየማል። ለባሕር ተንቀሳቃሽ የተደረገውን ጥንቃቄ ለጎረቤት መንፈግ ታላቅ በደል ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የቡዳን ስም ግን መልአክ አላወጣውም፤ ያወጣው ሳያይ የተናገረ ሰው ነው፤ ሊያርመውም የሚገባ ሰው ነው።