ማዕዱ ለማን ተዘረጋ?

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል ብሂላችን። ስለ ጌጥ ከሆነ እውነት ነው። ስለ ማዕድስ? የሌላውን ሕዝብ ምግብ በሌላው ሕዝብ ሥርዓት የበላ ሰው ክብሩ ይቀነስበታልን ወይስ ይጨመርለታል? ይህ ጥያቄ በቶክዮ ከተማ የመንግሥት ጉዳይ እስከ መሆን ደርሶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1883 በቶክዮ ሮኩሜይካን የተባለ ታላቅ የግብዣ አዳራሽ ተከፈተ። ንድፉን ያወጣው እንግሊዛዊው ጆሳያ ኮንደር ሲሆን ያሠራው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኢኖዌ ካኦሩ ነበር። የጃፓን መኳንንትና ወይዛዝርት የአውሮፓ ልብስ ለብሰው ይጨፍሩበታል፤ የፈረንሳይ ምግብ ይቀርብበታል። የግብዣው ዓላማ ግን ሆድን መሙላት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1858 በጃፓን ላይ የተጫኑት ውሎች የውጭ ዜጋ በጃፓን ምድር ሲበድል በገዛ ቆንስሉ እንዲዳኝ፣ የጉምሩክ ቀረጡም በውል እንዲታሰር አድርገው ነበር። እንግዲህ ማዕዱ የተዘረጋው «እንደ እናንተ ስለምንበላ እንደ እናንተ ሰዎች ነን» የሚለውን አቤቱታ ለማሰማት ነው።

አቤቱታው ምን አስገኘ? እንግዶቹ በሉ፣ ጠጡ፤ ውሉ ግን አልተነካም። ከታደሙት አንዱ ፈረንሳዊው ደራሲ ፒየር ሎቲ አዳራሹን ከአንድ ተራ የመዝናኛ ከተማ ካዚኖ ጋር አመሳስሎ ጻፈ። በተከፈተ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1884፣ ከቶክዮ ብዙም በማይርቀው በቺቺቡ ዕዳ ያጎበጣቸው ገበሬዎች አመፁ፤ በጦር ኃይልም ተደመሰሱ። ኢኖዌም የውል ማሻሻያው ሳይሳካለት እ.ኤ.አ. በ1887 ከሥልጣኑ ወረደ። የቆንስሎቹ ዳኝነት የቀረው ሕገ መንግሥትና የሕግ መጻሕፍት ከወጡ፣ ሠራዊቱም ከተጠናከረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የሹካው ነበርን? አልነበረም። በዚያው ዘመን ማብቂያ፣ በዚያችው ከተማ፣ በጊንዛ ሠፈር ሬንጋቴይ በተባለ ምግብ ቤት አንድ ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። ወጥ ቤቱ የአውሮፓውን የሥጋ ጥብስ ወስዶ እንደ ቴምፑራ በብዙ ዘይት ጠበሰው፤ በቀጭኑ የተከተፈ ጥቅል ጎመንም ጨመረለት። ውሎ አድሮ ምግቡ ከሩዝ ጋር በቾፕስቲክ የሚበላ የሕዝብ ምግብ ሆነ። ቴምፑራ ራሱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከመጡት ፖርቱጋሎች የተወረሰ ነው። መዋስ እንግዲህ ነውር አይደለም። ወጥ ቤቱ የተዋሰው ለወገኑ ረሀብ ነበር፤ ሚኒስትሩ ግን ለባዕድ ዓይን ነበር። የሁለቱም ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ የከፋ ነገርም አለ። ያው የውል እኩልነት የሚለምን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1876 በኮሪያ ላይ እኩልነት የሌለው ውል ጭኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1910 ደግሞ አገሪቱን ጨርሶ ጠቀለላት። ከአውሮፓ ማዕድ ሥርዓቱን ብቻ ሳይሆን ስግብግብነቱንም ተምሮ ነበር ማለት ነው። ሹካ አያያዝን ለማረም ቀላል ነው፤ የተማሩትን ስግብግብነት መተው ግን ከባድ ነው።

ዛሬ ቶክዮ ምርጥ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ምግብ ቤቶች የሞሉባት ከተማ ናት። ሚሽላን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ኮከብ የሰጣቸው ምግብ ቤቶቿ ከፓሪስ ይበዛሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የጃፓንን ምግብ የሚያቀርቡ ናቸው። ሙያው የቶክዮ ነው፤ ፍርዱ ግን አሁንም የሚመጣው ከፈረንሳይ ነው። የሮኩሜይካን ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1941 ቢፈርስም ጥያቄው አልፈረሰም።

ጥያቄው የጃፓን ብቻም አይደለም። የእኛም ምሁራን ጃፓንን አርአያ አድርገው የተመለከቱበት ጊዜ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጎብኝተዋት ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፍ ጽፈዋል። አርአያ መሻት ተገቢ ነው፤ ሆኖም ከአርአያው ውስጥ የሚወሰደውንና የሚተወውን መለየት የመምህሩና የጥበብ ሰው ኃላፊነት ነው። በሹካ መብላት አያሳፍርም፤ በእጅ መብላትም ይቅርታ አያስጠይቅም። የሚያሳፍረው ሰው መሆንን ሌላው እንዲመሰክርልን ማዕድ መዘርጋት፣ ምስክርነቱን ባገኘንም ማግስት ደካማውን ከማዕዱ ማስነሳት ነው።