ሞተሩን ማን አሞቀው?

ቃሊቲ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ ትዝ የሚለው ማረሚያ ቤቱ ነው። እኔን ትዝ የሚለኝ ብርዱ ነው። ታኅሣሥ ላይ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጋቢያቸውን ተከናንበው ሞተር ሲያስነሱ፣ ፀሐይ ገና ከቆርቆሮው በላይ ሳትወጣ፣ እኔ በራችን ላይ በቆመች አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ኮፈን ስር አንገቴን ቀብሬ ነበር። ብረቱ ሲነኩት ያቃጥላል፤ ብርድም ሲበዛ እንደ እሳት ነው። የካንዴላ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። ጣቴ ደንዝዞ ስለነበር መውደቁን ያወቅኩት በድምፁ ነው።

ፊልም ላይ የምናየው የፈረንጅ ክረምት በረዶ አለው። የእኛ ብርድ ግን የሚመጣው በበጋ ነው። ከባህር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ነን፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊት የሚይዝላት ደመና የለም። ለሊቱን ውርጭ ይወርዳል። አሮጌ መኪና ደግሞ ብርድ አይወድም። የባትሪው ኬሚካል ይደክማል፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን በደንብ አይተንም። ቀን ላይ ደህና የምትመስል መኪና ጠዋት ላይ ሕመሟን ሁሉ ትናገራለች።

የእኛዋም ተናገረች። ሰፈራችን መንገድ ዳር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። አራቱንም ካንዴላ አስፈትተውኝ ጨርቅ ላይ ደረደሯቸው። ሦስቱ ጠቁረዋል። አንዷ ከፋብሪካ ዛሬ የወጣች ነው የምትመስለው።

«የትኛዋ ናት የታመመችው?» አሉኝ።

«ከጠቆሩት አንዷ ትሆናለች፣ ጋሼ» አልኩ።

«አይደለም ልጄ። ንጹሗ ናት። ውሃ እያጠባት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ የቴስታታው ጓርኒሲዮን አንድ ቦታ ላይ ተበልቷል። ሌሊት የራዲያተሩ ውሃ በዚያ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ፒስተኑ ጋ ይገባል። ጠዋት ሲነሳ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ካንዴላዋን ያጥባታል። ለሁለት ሦስት ደቂቃ መኪናዋ በሦስት ፒስተን ትንቀጠቀጣለች፣ ማርሚታዋ ነጭ ጭስ ይተፋል። ከዚያ ብረቱ ሲሞቅ ይለጠጥና ክፍተቱን ይደፍነዋል፤ መኪናዋም ጤነኛ ትሆናለች። ቢያንስ ትመስላለች። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ የሁሉም መኪና ማርሚታ ጠዋት ጠዋት ነጭ ስለሚያጨስ የማያውቅ ሰው አይለየውም።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። ልንሸጣት የወሰንነው የእህቴ የኮሌጅ ክፍያ ስለደረሰ ነው። ቴስታታውን አስወርዶ ለማሠራት የሚያስፈልገው ገንዘብ ደግሞ ያኔ እጃችን ላይ አልነበረም። የእናቴ ወንድም፣ ብዙ መኪና ሸጦ የሚያውቅ ሰው፣ መፍትሔውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። «ገዢው 4 ሰዓት ነው የሚመጣው፤ አንተ 3 ሰዓት ላይ አስነሳትና አሙቃት፣ በቃ።»

«ችግር እንዳለባት ብንነግረውስ?»

«ከጠየቀህ አትዋሽ። ካልጠየቀህ ግን ምን አግብቶህ?»

አሞቅኳት። ገዢው መጣ፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ መኪና የሚፈልግ፣ ለዓመታት ሲቆጥብ የኖረ ሰው ነው። አስነሳት፤ እንደ ሰዓት ሠራች። አንድ ዙር ነድቷት ተመለሰና ጠየቀኝ፣ «ጠዋት ጠዋት ትነሳለች አይደል?»

«ትነሳለች» አልኩት።

እውነት ነው። ትነሳለች። ቀብድ ከፍሎ ሄደ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳችኝ ያቺ ቃል ናት። አልዋሸሁም። ታዲያ ለምንድነው የዋሸ ሰው ስሜት የተሰማኝ?

ጥያቄው ከመኪና በጣም ይቀድማል። ሮማዊው ሲሴሮ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት፣ ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ አንድ ነጋዴ ያመጣል። ነጋዴው ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ሮድስ ደሴት ይደርሳል። ሮድስ ርሃብ አለ፤ እህል እንደ ወርቅ ነው። ነጋዴው ግን ሌሎች እህል የጫኑ መርከቦች ከኋላው እየመጡ እንደሆነ ያውቃል። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሲሴሮ በዚህ ላይ ሁለት ፈላስፎችን ያከራክራል። አንደኛው፣ የባቢሎኑ ዲዮጋን፣ አለመናገር መደበቅ አይደለም ባይ ነው፤ ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ከተናገረና ካላታለለ በቂ ነው። ተማሪው አንቲጳጥሮስ ደግሞ የለም፣ ገዢው ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ ማወቅ አለበት ይላል። ሲሴሮ ራሱ ነጋዴው መደበቅ አልነበረበትም ብሎ ይፈርዳል።

አጎቴ ዲዮጋንን አንብቦ አያውቅም፤ ክርክሩ ግን ያው ነው። እውነት ለመናገር ደካማ ክርክር አይደለም። ገዢው አዋቂ ነው፤ መካኒክ ይዞ መምጣት ይችል ነበር። ደግሞ ገበያው ራሱ ጥርጣሬን ዋጋ ውስጥ አስገብቶታል። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ በኋላ በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ የሆነው ጽሑፍ የሚያወራው ስለዚሁ፣ ስለ ያገለገሉ መኪኖች ነው። ገዢ ደህናዋን ከታመመችው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የታመመች ዋጋ ይሰጣል። ስለዚህ ደህና መኪና ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀሩት የታመሙት ይሆናሉ። ይህን ካሰብነው ሐቀኛ ሻጭ ሁለት ጊዜ ነው የሚቀጣው። መጀመሪያ የሌሎችን ውሸት ዋጋ ይከፍላል፤ ከዚያ እውነቱን ሲናገር እንደገና ይቀነስበታል። «ታዲያ እኔ ብቻ ለምን?» የሚለው ጥያቄ የስግብግብ ሰው ጥያቄ ብቻ አይደለም። የደከመ ሰው ጥያቄም ነው።

ግን አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። ገዢው ዋጋ ውስጥ ያስገባው «ምናልባት» የሚለውን ነው። እኔ ያለኝ «ምናልባት» አይደለም፤ ጨርቅ ላይ የተቀመጠች ንጹሕ ካንዴላ ነው። እሱ ለአደጋ የከፈለውን ዋጋ፣ እኔ እርግጠኛ ለሆንኩበት ነገር መሸፈኛ ማድረግ አልችልም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ እኔ ዝም አላልኩም። ዲዮጋንም ቢሆን እዚህ ጋ የሚከላከልልኝ አይመስለኝም። ዝም ያለ ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እኔ ግን 3 ሰዓት ላይ ተነስቼ ቁልፍ አዙሬያለሁ። መኪናዋ በራሷ አንደበት፣ በመንቀጥቀጥና በጭስ፣ ለሰውዬው ልትነግረው የነበረውን ነገር እሱ ከመምጣቱ በፊት አፏን ይዤ አስጨርሻታለሁ። አለመናገርና እንዳይታወቅ ማድረግ ይለያያሉ። ሞተር ማሞቅ ያለ ቃል የሚነገር ንግግር ነው። «ትነሳለች» የምትለዋ ቃልም ውሸት የሆነችው ለዚህ ነው። ለብቻዋ ብትቆም እውነት ናት፤ በሞቀ ሞተር ላይ ስትቆም ግን የውሸት ምሰሶ ናት። በእውነተኛ ቃል ማታለል ይቻላል። እንዲያውም የሚመቸው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ራስንም ያታልላል።

ሞተሩን ባላሞቀውና ዝምታ ብቻ ቢሆንስ? እዚህ ላይ እንደ አንቲጳጥሮስ ጥብቅ መሆን አልቻልኩም። የጎማው ማለቅ፣ የወንበሩ መቀደድ፣ ገዢው በዓይኑ የሚያየው ነገር ነው፤ ዘርዝሬ መንገር ያለብኝ አይመስለኝም። እሱ ሊያገኘው የማይችለው፣ እኔ ግን የማውቀው ነገር ግን ሌላ ነው። ሕጋችንም ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል። ሕጉ ለገዢው ያሰበለትን ያህል እኔ ካላሰብኩለት ያሳፍራል።

ሌላም የእኛ አገር ነገር አለ። እዚህ መኪና አይሞትም። የኤክሳይዝ ታክሱ በ2012 ዓ.ም. ሲሻሻል አሮጌ መኪና ማስገባት በጣም ተወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። እና ያሉትን እንጠግናለን። ሶማሌ ተራ ሄደን ዕቃ እንገዛለን፣ ጣሊያን ጥሎልን በሄደው ቋንቋ፣ በካንዴላ፣ በሞተሪኖ፣ በፍሪሲዮን፣ እየተግባባን ዕድሜያቸውን እናስረዝማለን። በዚህ እኮራለሁ። ግን መኪና በማይጣልበት አገር ጉድለትም አይጣልም። ያልተነገረ ጉድለት ባለቤት ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ያ ጓርኒሲዮን ከእኛ በር ተነስቶ፣ አንድ ጠዋት ልጆች ጭኖ በሚሄድ ሰው እጅ ላይ፣ መሀል መንገድ ላይ ይፈነዳ ነበር።

እሁድ ሌሊት፣ ገና ሳይነጋ፣ ደወልኩለት። «ጋሼ፣ ይቅርታ፤ አሁን ይምጡና ቀዝቅዛ እያለች ይዩዋት» አልኩት። መጣ። በኩታ ተጠቅልሎ አጠገቤ ቆመ። አስነሳኋት፤ ተንቀጠቀጠች፣ አጨሰች። ካንዴላዋን አሳየሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ትናንት ማሞቄንም ጭምር። ዝም ብሎ ሰማኝ። ትንሽ አሰበና «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ቀብዱን ተቀብሎ ሄደ። አልተመለሰም።

ይህን ታሪክ ስናገር ሰዎች መጨረሻው ላይ ሰውዬው ተደንቆ በሙሉ ዋጋ እንዲገዛት ይጠብቃሉ። አልገዛትም። ተበድረን ቴስታታውን አሠራን፤ ከሁለት ወር በኋላ ለሌላ ሰው፣ በጠዋት ብርድ ላይ አስነስተን፣ የተሠራውን ነግረን ሸጥናት። ብድሩን ከፍለን የተረፈው ካሰብነው አነሰ። የእህቴ ክፍያ ዘገየ፤ አንድ ሴሚስተር ቆይታ ነው የተመዘገበችው። አጎቴ ለረጅም ጊዜ አኮረፈኝ። «ለማታውቀው ሰው ብለህ እህትህን?» ያለኝ ነገር እስካሁን ይቆረቁረኛል፣ ምክንያቱም ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሐቄን የከፈለችልኝ እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም።

አንድ ቀን ይህንኑ ጠየቅኳት። ሳቅ አለችና፣ «ብትሸጣት ኖሮ እኮ ክፍያዬን የሚከፍልልኝ ያ ሰውዬ ነበር» አለች። «ሳይጠየቅ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። የሚጠራው ግን ጠዋቱን ካልሸፈኑት ነው። አሮጌ መኪና ልትገዙ ከሄዳችሁ በጠዋት ሂዱ፣ ከምንም በፊት ኮፈኑን በእጃችሁ ዳብሱ። ሞቆ ካገኛችሁት ማን እንዳሞቀው ጠይቁ። የምትሸጡት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ገዢውን በብርዱ ጥሩት።