እንግዳ የማያየው ማጀት

በግእዝ «ነገደ» የሚለው ግሥ ተጓዘና ሸቀጠ የሚሉትን ሁለት ፍቺዎች አንድ ላይ ይይዛል፤ ነጋዴ፣ መንገድና እንግዳ የሚሉት ቃላት ከዚሁ ሥር የበቀሉ ሲሆን፣ በሆቴል ሥራ ውስጥ በየሰዓቱ የሚነገሩት አስተናጋጅና መስተንግዶም የእነርሱው ዘመዶች ናቸው። ቋንቋው እንግዳንና ነጋዴን በአንድ ጎጆ ቢያሳድጋቸውም ባህሉ ግን ለረጅም ዘመን ለያይቷቸው ኖሯል፤ እንግዳ በነፃ የሚበላ፣ ነጋዴ በዋጋ የሚሸጥ ነውና፣ ለመሸበት መንገደኛ እንጀራ አቅርቦ ገንዘብ መቀበል ነውር ሆኖ ቆይቷል። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ የሥነ ምግባርም የሃይማኖትም ነው፦ በዋጋ የተሰጠ መስተንግዶ በጎነት ሊባል ይችላልን? ሆቴል ማስተዳደርን የዕድሜ ልክ ሙያው ላደረገ፣ ኋላም በግሉ ሆቴሎችን በክፍያ ለሚያማክር ሰው ደግሞ ጥያቄው እጥፍ ይሆናል፤ ምክርም እንደ እንጀራ ሁሉ ከጥንት በነፃ ሲሰጥ የኖረ ነገር ነውና።

ጥያቄው በደሴና በኮምቦልቻ ሲነሣ መሬት ይረግጣል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ ተወርዶ ሃያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሚገኙ፣ መንገድ ያሳደጋቸው ከተሞች ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ያልፍባቸዋል፣ ከኮምቦልቻም በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ይገነጠላል። መስከረም 21 ቀን ለግሸን ማርያም የሚተመው ምእመን፣ የጀማ ንጉሥን ቅዱስ ስፍራ ሊዘይር የሚጓዘው ሙስሊም፣ በ2009 ዓ.ም. ወደተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሥራ የሚመጣው ባለሙያ፣ ከከባድ መኪናው የሚወርደው ሹፌርና ረዳቱ፣ ሲመሽ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «አልጋ አለ?»

የሁለቱም ሃይማኖቶች የእንግዳ አቀባበል ትምህርት ከአንድ አባት ይጀምራል። በኦሪት ዘፍጥረት አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስት እንግዶችን ይቀበላል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን የሥላሴ መስተንግዶ ሐምሌ 7 ቀን ታከብረዋለች። በቁርኣን አዝ ዛሪያት ምዕራፍ ኢብራሂም ለማያውቃቸው እንግዶች የሰባ ጥጃ ያቀርባል። ሁለቱ ትረካዎች ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል በሚታለፍ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ በአንደኛው አስተናጋጁ ወደ ከብቶቹ ሮጦ ጥጃውን ለብላቴናው ይሰጣል፣ በሌላኛው ደግሞ እንግዶቹ ሳያስተውሉት ወደ ቤተሰቡ ዘልቆ ጥጃውን ይዞ ይመለሳል። በሁለቱም ምግቡ የሚሰናዳው እንግዳ በማያይበት ስፍራ፣ ማለትም በማጀት ነው፤ እንግዳው የሚያየው የቀረበለትን ብቻ ነው።

የወሎ ሰው ይህን ትምህርት «የእግዜር እንግዳ» በሚል አጠራር በኑሮው ውስጥ አቆይቶታል፤ እስላማዊው ትውፊትም የእንግድነትን መብት ሦስት ቀን አድርጎ፣ ከዚያ የሚያልፈውን ምጽዋት ይለዋል። በደሴ የዚህ ልማድ ትልቁ ምስክር ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ የተባለው የግብር አዳራሽ ነው፤ ግብር ማለት ገዥ ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የሚያበላው ድግስ ሲሆን፣ ስሙ እንደሚያስረዳው አዳራሹ ማንንም የማይጠየፍ፣ ለሁሉም የተከፈተ ማዕድ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በፊት ኢማም መሐመድ አሊ ነበሩ፤ ያ ጉባኤ ለወሎ ሙስሊም የግዳጅ ጥምቀት ዘመን መክፈቻ ስለሆነ፣ ስለ ወሎ አብሮ መኖር የሚጻፍ ሁሉ ቁስሉን ሊያልፈው አይገባም።

ነፃ ማዕድ ይህን ያህል የተከበረ ቢሆንም ያለ ዋጋ አልነበረም። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው፣ ስለ ስጦታ በሚያትተው ጥናቱ፣ በነፃ የሚመስል ስጦታ ሁሉ የመመለስ ግዴታን ይዞ እንደሚመጣ አሳይቷል። ግብር የበላ ሠራዊት ላበላው ጌታ ይዘምታል፤ በድግሱም ላይ ቦታው የሚወሰነው በማዕረግ ነው፣ የላይኛው ከብልቱ ሲመርጥ የታችኛው ተራው እስኪደርስ ይጠብቃል። በዘመድ ቤት ያደረ እንግዳ ደግሞ በይሉኝታ፣ ማለትም ሰው ምን ይለኛል በሚል ውስጣዊ ማሰሪያ ይያዛል፤ ብርድ ልብሱ ቢሳሳም፣ ወጡ ቢቀዘቅዝም አመስግኖ ከመሄድ በቀር አፍ የለውም። ሒሳቡን ከፍሎ የሚወጣ ሰው ግን የማንም ባለ ዕዳ አይደለም። የአልጋው ዋጋ ለባላባትም ለረዳትም አንድ መሆኑ፣ እንግዳውም ያልተስማማውን ነገር ቀና ብሎ የመናገር መብት ማግኘቱ፣ በአይጠየፍ ስም የታሰበውን እኩልነት አዳራሹ ራሱ ባልደረሰበት መጠን የሚያሟላ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1890ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ፣ ከፍሎ መብላትን የተጠየፉት መኳንንት እንዲለምዱት ምኒልክ ራሳቸው ከፍለው አሳዩ ተብሎ ይተረካል፤ ትረካው የሚያስታውሰው፣ መክፈል ራሱ መማር የነበረበት አዲስ ክብር እንደነበር ነው።

ክፍያ እንግዳውን ነፃ ካወጣ፣ የአስተናጋጁ በጎነት ታዲያ የት ይቀራል? መልሱ በሉቃስ ወንጌል፣ በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ የሚያደንቁት ቁስለኛውን ያነሣውን ሳምራዊ ነው፤ ነገር ግን ሳምራዊው ሁለት ዲናር ከፍሎ መንገዱን ሲቀጥል፣ የቀረውን የማስታመም ሥራ የተረከበው የእንግዶች ማደሪያ ጠባቂ፣ በዛሬ አነጋገር የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ነው። ተከፍሎታል፤ ያም ሆኖ ሳምራዊው ከሄደ በኋላ ቁስሉ በየዕለቱ መታጠቡን የሚያይ ሌላ ሰው አልነበረም። ዲናሩ ክፍሉንና ዘይቱን ሊገዛ ይችላል፣ ማንም በማያይበት ሰዓት የሚደረገውን ጥንቃቄ ግን አይገዛም። ለዚህ አማርኛ አደራ የሚል ቃል አለው፤ ሙስሊሙ ወሎዬ አማና ይለዋል፤ ባለቤቱ በሌለበት እንደ ባለቤቱ ሆኖ መጠበቅ ማለት ነው። የተከፈለበት መስተንግዶ በጎነት የሚሆነው፣ ከሆነ፣ በዚህ በኩል ነው።

ይህ ሐሳብ በደሴ ማጀት ውስጥ ከማንኛውም ስፍራ ይልቅ ይከብዳል። በወሎ ክርስቲያን ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊም ሙስሊም ያረደውን ይበላል። ሠርግ የደገሰ ክርስቲያን ሙስሊም ጎረቤቶቹን ሲጠራ ከብቱን ለእነርሱ ሰጥቶ በራሳቸው ሰው ያሳርዳል፣ በተለየ ድስት ያሠራል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያን ጎረቤቶቹ እንዲሁ ያደርጋል። በሠርግ ቤት ይህን ሥርዓት የሚጠብቀው ዝምድና ነው፤ ማን እንዳረደ፣ ማን እንደቀቀለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በሆቴል ግን ተመጋቢው ከሩቅ የመጣ ነው፣ ማጀቱም ከግድግዳ ጀርባ ነው፤ የቀይ ወጥ መልክ ደግሞ በእርዱ ሰዓት «በስመ አብ» ይባል ወይም «ቢስሚላህ» አይናገርም። እንግዳው «የእስላም ሥጋ ነው?» ብሎ ሲጠይቅና አስተናጋጇ «አዎ» ስትለው፣ በዚያች አንዲት ቃል ላይ ሃይማኖቱን አስቀምጦ ይቆርሳል።

ጾምም እንዲሁ ነው። የክርስቲያኑ የጾም ቀን በሆነው ዓርብ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ትእዛዝ በተደራረበበት ማጀት ውስጥ ከሥጋው ምንቸት አብሽ የወጣው ጭልፋ ሳይታጠብ ወደ ጾሙ ሽሮ ቢገባ የሚያውቅ የለም። ሽሮው አይቀየርም፣ ሽታው አይለወጥም፤ ጾመኛው በልቶ፣ አመስግኖ፣ ጉርሻውንም ሰጥቶ ይሄዳል። በሥነ ምግባር ትምህርት ውስጥ ማንም የማይጎዳበትና ማንም የማያውቀው በደል በደል ነውን የሚለው ጥያቄ በሌላ አገር በረቀቀ ምሳሌ ይጠየቃል፤ እዚህ ግን ጥያቄው ከአንድ ጭልፋ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። በደል ነው፤ ጾመኛው የገዛው ጥጋብን ብቻ አልነበረምና፣ ከአምላኩ ጋር ያለውን ቃል ሳያፈርስ የሚበላው ነገር ነበር፤ ያንን ተቀብሎ ሌላ መስጠት ከሚዛን መቀሸብ ይብሳል፣ የተቀሸበ ሚዛን ቢያንስ በሌላ ሚዛን ሊረጋገጥ ይችላልና።

አማካሪው ወደዚህ ማጀት የሚገባ ሌላ ዓይነት እንግዳ ነው። የዚህ ሙያ መንገድ ብዙ ጊዜ ከታች ይጀምራል፤ ሳህን ያነሣ ልጅ አስተናጋጅ፣ ከዚያ የክፍል ኃላፊ፣ ከዚያ ሥራ አስኪያጅ ይሆናል፤ በ1961 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተቋቋመው፣ ዛሬ የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት ከሚባለው ተቋም የሚወጡ ምሩቃንም በዚሁ መሰላል ይወጣሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንዳንዱ ደመወዙን ትቶ በግሉ ይቆማል፤ አዲስ ሆቴል ከመከፈቱ በፊት ሠራተኛ መልምሎ ያሠለጥናል፣ የምግብ ዝርዝሩን ወጪ ያሰላል፣ ሆቴሉን ለኮከብ ደረጃ ምዘና ያዘጋጃል። መካር የሌለው ንጉሥ ያላንድ ዓመት አይነግሥ የሚለው ተረት የአማካሪን ዋጋ ቢመሰክርም፣ መካሪው ሽማግሌ የሚቀበለው ምርቃትና ቡና እንጂ በውል የተጻፈ ክፍያ አልነበረም። በእስልምናም ነሲሓ፣ ማለትም ከቅን ልብ የሚሰጥ ምክር፣ የሃይማኖቱ አስኳል ሆኖ ይቆጠራል። በዋጋ የተሸጠ ምክር ቅንነቱን እንዴት ይጠብቃል?

አስቸጋሪው ክፍያው ራሱ አይደለም፣ ክፍያው የሚመጣበት አቅጣጫ ነው። የሚከፍለው ባለሀብቱ ነው፤ አደራው ግን ገና ያልመጣው፣ ስሙ የማይታወቀው፣ በውሉ ላይ ያልፈረመው እንግዳ ነው። ባለሀብቱ ደግሞ ወሎዬ ከሆነ አማካሪውን ቤቱ ጋብዞ፣ ማር አስቀርቦ፣ ሦስተኛውን ቡና ሳያጠጣ አይሸኘውም፤ ይሉኝታ በዚህ ጊዜ ወደ አማካሪው ይዞራል። እንጀራውን የበሉለትን ሰው «ማጀትህ አይታመንም» ማለት ከባድ ነው፤ ቀጣዩ ሥራም የሚገኘው በዚሁ ሰው አፍ ነው። ተቀጣሪ ሥራ አስኪያጅ ዝም ቢል ደመወዙ አስገድዶት ነው፤ በግሉ የቆመ አማካሪ ግን ዝም ካለ ከተቀጣሪው የሚለይበት ነገር አይኖርም። ነፃነቱ በንግድ ፈቃዱ ላይ ያልተጻፈ ነው፤ የሚታወቀው ባለሀብቱ ሊሰማው የማይወደውን ዓረፍተ ነገር በሪፖርቱ ውስጥ በማስገባቱ ነው። የኮከብ ደረጃ ምዘናው፣ በ2007 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እገዛ በአዲስ አበባ ሲጀመር እንደታየው፣ በአመዛኙ የሚታየውንና የሚቆጠረውን ይለካልና፣ የማይታየውን የሚናገር ሌላ ሰው የለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ሒሳብ መክፈል የማይችለው መንገደኛ ይቀራል፤ ስለ እርሱ የተከፈለበት መስተንግዶ መልስ የለውም፣ እንዳለውም ማስመሰል ተገቢ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ በጦርነት የተፈናቀሉት ሰዎች ደሴ ሲደርሱ የተጠለሉት በትምህርት ቤቶች ወለል ላይ ነበር፤ ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ወደ ሁለቱ ከተሞች ገብቶ እስከ ኅዳር መጨረሻ በቆየበት ጊዜ ደግሞ ከተሜው ራሱ መንገደኛ ሆነ። እንዲህ ባለ ቀን የሚያድነው የአብርሃም ድንኳን ነው፤ ሆቴል ድንኳኑን አይተካውም። በሰላሙ ቀን ግን ዘመድ የሌለው እንግዳ በገንዘቡ ክብሩን ጠብቆ የሚያድርበት ቤት የግድ ያስፈልጋል፤ ያም ቤት ሥራውን አውቆ፣ እውነቱን ተናግሮ የሚያቆመው ባለሙያ ይሻል።

አማካሪው በመጨረሻ ለባለሀብቱ የሚያስረክበው ሪፖርት ስለ ውኃ ታንከር፣ ስለ አንሶላ ብዛት፣ ስለ ሠራተኛ ደመወዝ ብዙ ይላል፤ ከእነዚህ መካከል ለጾምና ለፍስክ የተለያየ ጭልፋ፣ ለሁለቱ እርድ የተለያየ መክተፊያ፣ ቢላዋና ማቀዝቀዣ ይገዛ የሚል መስመር ይኖራል። ወጪው ትንሽ ነው፣ ትርፉ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይታይም፤ ባለሀብቱም «ማን ያየዋል?» ሊል ይችላል። መስመሩ ከተፈጸመ፣ በአንድ ዓርብ ከሚሌ የመጣ ሹፌር ሽሮውን በልቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ስለ ጭልፋው አንዳች ሳያውቅ ሐረጎን ይያያዘዋል።